አሥራ ሁለት መደብ ቃሪያ

ጄሉን ያገኘሁት መኖር በማይገባው ቦታ ነው።

ሰባተኛው መደብ አያ አገኘሁ የሚባሉ ሰው የሚያለሙት ነበር። በያዝሁት ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን «ያለ ጄል» ተብሎ ተጽፏል። ማክሰኞ ጠዋት የእርጥበት መለኪያውን ከአፈሩ ነቅዬ ጫፉን በጣቴ ስጠርግ ቀዝቃዛና የሚያሟልጭ ነገር ነካሁ። ተንበርክኬ በእጄ ቆፈርሁ። አንድ ስንዝር እንኳ ሳልወርድ፣ በቃሪያው ሥሮች መካከል፣ አተር የሚያካክሉ ውሃ መሳይ ፍሬዎች ተጣብቀው አየሁ። ሥሮቹ አቅፈዋቸዋል። አንዱን በሁለት ጣቴ ስጫነው ፈረጠና ውሃው እስከ አንጓዬ ወረደ።

አፈሩን መልሼ ሸፈንሁት። ዙሪያዬን አየሁ፤ ማንም አልነበረም። ከዚያ ወደ ዘጠነኛው መደብ ሄድሁ፣ ከዚያ ወደ አሥራ አንደኛው፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ቀሩት ሁለቱ። ጄል ሊኖርባቸው በማይገባ በስድስቱም መደቦች ውስጥ ጄል ነበረ።

የምሠራው እስራኤል አገር፣ ያቭነ ከተማ ውስጥ ባለ ትንሽ ድርጅት ነው። ስምንት ሰዎች ነን። ጭማቂ ፋብሪካ ከሚጥለው የብርቱካን ልጣጭና ከእህል ገለባ ውሃ የሚጠጣ ጄል እንሠራለን። ሲደርቅ ሻካራ ጨው ይመስላል፤ ውሃ ሲያገኝ ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ አፈሩ ሲደርቅ የያዘውን ቀስ እያለ ለሥሩ ይለቃል። ከፕላስቲክ የሚሠራው ዓይነት ከአፈር ጋር ሳይዋሐድ ለብዙ ጊዜ ይቀራል፤ የእኛው ግን ከዕፅዋት የመጣ ስለሆነ በስብሶ ራሱ አፈር እንዲሆን ነው ያሰብነው። ለአትክልት ከሠራ፣ ቀጥሎ ለደን ችግኝ እንሞክረዋለን የሚል ዕቅድም ነበረን።

የገዴራው ሙከራ የእኔ ነበር። ሬሆቮት የእርሻ ትምህርቴን ጨርሼ ከገባሁ ጀምሮ የቤተ ሙከራ ብርጭቆ ሳጥብና የሌሎችን ቁጥር ስመዘግብ ቆይቼ፣ በስሜ የተጻፈ የመጀመሪያው ሥራ እሱ ነው። ቦታውንም ያገኘሁት እኔ ነኝ። ገዴራ ውስጥ ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚያለሙት የጋራ የአትክልት ቦታ አለ፤ ግማሾቹን እናቴ በዝምድና ታውቃቸዋለች። አሥራ ሁለት መደብ፣ አሥራ ሁለት ባለቤት። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃሪያ ይተክላሉ፤ ስድስቱ ከጄል ጋር፣ ስድስቱ ያለ ጄል። ሁሉም የሚጠጡት ከወትሮው ግማሽ ውሃ ነው። በበጋው መጨረሻ የቱ እንደቆመ፣ የቱ እንደጠወለገ እናያለን። ይኸው ነው።

ግን አሥር ሳምንት ሙሉ ምንም ልዩነት አልታየም። በየማክሰኞው ስመጣ አሥራ ሁለቱም መደብ እኩል ለምልሞ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ባትሪ ቀየርሁ። ቀጥሎ ቧንቧው ያፈስሳል ብዬ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ፈተሽሁ። በመጨረሻ ጄሉ አይሠራም ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። አለቃዬ ዚቭም እንዲሁ። ባለፈው እሑድ ሠንጠረዡን እያየ፣ «ናዓማ፣ የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ራሴ ሄጄ አያለሁ። ልዩነት ከሌለ የገዴራውን ኒሱይ እንዘጋዋለን» አለኝ። ኒሱይ ሙከራ ማለት ነው። የሥራ ውሌ የተጻፈው ለዚያ ሙከራ ስለነበር፣ እሱ ሲዘጋ እኔም እወጣለሁ። ይህን አላለውም፤ መናገርም አላስፈለገውም።

አሁን ጄሉ ሳይሠራ እንዳልቀረ ገመትሁ። ማሳየት ግን አልችልም። የደረቀ መደብ በሌለበት እርጥቡን ከምን ጋር ላስተያየው?

ወደ ቂርያት ማላኪ በሚመልሰኝ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ያን የግንቦት ቀን አሰብሁ። አሥራ ሁለት ብጣሽ ወረቀት ጠቅልዬ የአያ አምባው ባርኔጣ ውስጥ ጨምሬ ነበር። አያ አምባው የአትክልቱ ቦታ አውራ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ያዋሱኝ በደስታ ነው። አንድ በአንድ ዕጣ አወጡ። ምልክት ያለበት ለደረሳቸው ስድስት ሰዎች አንድ አንድ ከረጢት ሰጠኋቸው። ከዚያ ጄሉ እንዴት እንደሚያብጥ በባልዲ ውሃ አሳየሁ። እማ ውብዳር እጃቸውን አስገብተው ዘገኑና፣ «አብሽ ነው እንጂ! ሲዘፈዘፍ እንዲህ አይደል የሚያብጠው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጄል ያለው የለም፤ አብሹ ተባለ።

ቀጥሎ ማድረግ የነበረብኝ፣ ቆሜ ማስተከል ነበር። አያ አምባው ግን ሰማዩን አየት አድርገው፣ «ዛሬስ ፀሐዩ በርትቷል፤ ችግኙን ያቃጥልብናል። ነገ በማለዳ እኛው እንተክለዋለን። አንች ሥራሽን ሂጅ» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አፈር የገፉን ሰው፣ «የለም፣ ስትተክሉ ልያችሁ» ማለት ከአፌ አልወጣም። አፈርሁ። «እሺ» ብዬ ሄድሁ። በመመዝገቢያዬ ላይ ግን በማግስቱ «በመመሪያው መሠረት ተተክሏል» ብዬ ጻፍሁ።

ያ ዓረፍተ ነገር ከነቀኑ ከነፊርማዬ እዚያው አለ።

እናቴ የሻሽወርቅ ቤኤር ቱቪያ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። የጠዋት ተራዋን ጨርሳ ስትገባ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበርሁ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና የሥራ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«ተካፍለውታል» አልኋት።

«ምኑን?»

«ጄሉን። ገዴራ ያሉት። ሁሉም መደብ ውስጥ አለ።»

አንዱን ጫማ በእጇ እንደያዘች ሳቀች። «ታዲያ ምን መስሎሽ ነበር? ለስድስቱ አጉርሰሽ ስድስቱን ቁጭ አድርገሽ ልታስመኚ?»

«እማ፣ ሳይንስ እኮ ነው።»

«ይሁናዋ። አያ አምባው ስንት ዓመት የሰው መሬት እንዳረሱ ታውቂያለሽ? እኛ በዚያ አገር ርስት አልነበረንም። ሌላው መሬት በዕጣ ሲካፈል ከዳር ቆመን ነው የምናይ። ይኸው አንች ደግሞ በስተርጅና ባርኔጣ ይዘሽ መጣሽባቸው።»

ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ቲማቲሙን ከተፍሁ። ትንሽ ቆይቼ ስለ ረቡዕና ስለ ዚቭ ነገርኋት። ሁለተኛውን ጫማ ሳትፈታ ተወችው።

«ከሥራ ያስወጣሻል?»

«ሙከራው ከተዘጋ እኔን ምን ያደርገኛል?»

«እንግዲያ ሂጅና ጠይቂያቸው።»

«ምን ብዬ? ለምን አበላሻችሁት ልበል?»

«ወይ አንች! እሱን ቃል እዚሁ ወለል ላይ ጥለሽው ሂጅ።»

«ሽማግሌ ልላክባቸው ታዲያ?»

«ሽማግሌዎቹ እነሱው ናቸው፤ ማንን ልትልኪ ነው?» አለችና እንደገና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቅ ግን አልፈለግሁም ነበር። «ስሚ» አለች ቀጥላ፣ «ዓርብ ጠዋት ያርማሉ። ወረቀትሽንም ያን አፈር የምትወጊበትን መርፌሽንም ትተሽ ሂጅ። አብረሽ እረሚ። የሚባለውን ነገር እነሱው ይሉታል።»

ዓርብ በማለዳ ደረስሁ። አምስቱ ቀድመውኝ ነበር፤ አያ አምባው፣ እማ ውብዳር፣ እማ ታፈሰች፣ አያ አገኘሁና አንዲት በደንብ የማላውቃቸው ባልቴት። እማ ውብዳር ከወገባቸው ጎንበስ እንዳሉ ጉንጬን ሳሙኝና አንድ መኮትኮቻ ሰጡኝ። ለምን እንደመጣሁ የጠየቀኝ የለም።

«ያን መርፌሽን ዛሬ ተውሽው?» አሉ አያ አገኘሁ። ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሱ እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። «መደቤ ክትባቱን ለምዶታል። ዛሬ ሳይወጋ ከዋለ ያመዋል።»

«ዛሬ ለማረም ነው የመጣሁ» አልሁ።

«በዚህ ጫማ?»

ነጭ ሸራ ጫማ ነበር ያደረግሁት። እማ ታፈሰች፣ «ተዋት፤ ያንተን ጫማ ማን አየብህ!» አሏቸውና ሁሉም ሳቁ።

ለረጅም ጊዜ አረምሁ። ፀሐዩ ከሕንፃዎቹ በላይ ሲወጣ ሰባተኛው መደብ ላይ ደረስን። ቃሪያው እስከ ጉልበቴ ቆሟል። ዓይኔን ከአፈሩ ሳላነሣ፣ «አያ አገኘሁ፣ የእርስዎ ቃሪያ ያለ አብሽ እንዴት እንዲህ አማረ?» አልኋቸው።

«ያለ አብሽ ማን አለሽ?» አሉ ወዲያው።

«አንተ አፍህ አያርፍም!» አሉ እማ ውብዳር።

«ምን አልሁ? ጠየቀችኝ፣ መለስሁ። እስካሁን አልጠየቀችማ።»

አያ አምባው ቀና አሉ። መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ ተከሉና በሁለት እጃቸው ተደገፉት። የተቆጡም የደነገጡም አይመስሉም ነበር።

«ልጄ፣ በዚያን ጠዋት ስድስት ሰው ከረጢት ይዞ፣ ስድስት ሰው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ውብዳር ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ይህ መደብ ነው ከቤት የሚያወጣት። ውሃው በግማሽ ተቀንሷል። እኔ የእኔን አጥግቤ፣ የሷ ዓይኔ እያየ ይድረቅ? ሌላውም እንደኔው አለ። ሸራ ዘረጋንና ስድስቱን ከረጢት አንድ ላይ ገለበጥነው። በጣሳ ሰፍረን ተካፈልን።»

«ያልኋችሁ ነገር… አልገባችሁም ነበር?»

«ገብቶናል እንጂ። ግማሹ ይጠጣ፣ ግማሹ ይጠማ፣ ከዚያ እንየው ነው ያልሽው። መልካም ነገር ነው። እኛ ግን ማየቱን አልቻልነውም።»

ከእሳቸው ንግግር ውስጥ ስሕተት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ከእኔ ሥራ ውስጥም ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ አውቀው ነበር። «እንግዲያ ሙከራው ፈርሷል ማለት ነው» አልሁ። ድምፄ ስለቀነሰ እማ ታፈሰች ጠጋ አሉ። «ረቡዕ አለቃዬ ይመጣል። የደረቀና የለመለመ ሊያይ ነው የሚመጣ። ካላየ ይዘጋዋል። እኔም…»

አልጨረስሁትም። መጨረስም አላስፈለገኝም። እማ ውብዳር፣ «ውይ በሞትሁት!» ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ከዚያ አያ አገኘሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ረቡዕ አይደል? አምስት ቀን አለ። ቤሰደር፣ ይሁን። ዕጣ ያልደረሰን ስድስታችን ቧንቧችንን እንዝጋ።»

«አብሹ ታች አለ እኮ፤ በአምስት ቀን አይደርቅም» አሉ እማ ታፈሰች።

«እናወጣዋለና። ሥሩን ነካ ነካ አድርገን አብሹን ለቀም ብናደርገው፣ በዚህ ሙቀት እንኳን አምስት ቀን ሁለትም አይቆም። ሰውየው ሲመጣ ስድስቱ ቀጥ ብሎ፣ ስድስቱ አንገቱን ደፍቶ ያገኘዋል። ልጅቱም ሥራዋን ትይዛለች።»

«ከእኔ ይጀመር» አሉ እማ ውብዳር። ቀልድ አልነበረም። ወደ መደባቸው ሄደው ጎንበስ አሉና የመጀመሪያውን ግንድ ከሥሩ ያዙ። ቅርንጫፉ በቃሪያ ብዛት ጎብጧል፤ ገና አልለቀሙትም ነበር። የጎረቤት አትክልት ሲጠማ ማየት ያቃታቸው ሰዎች፣ የራሳቸውን ለእኔ ሲሉ ሊነቅሉት ነው።

አልዋሽም፤ አሰብሁት። ዚቭ በመደቦቹ መካከል ሲሄድ ታየኝ። ስድስት ደረቅ፣ ስድስት አረንጓዴ፤ ፎቶ ያነሣል፣ ትከሻዬን መታ ያደርጋል። ማንም አያውቅም። እነዚህ ሰዎች እስከ ዕለተ ሞታቸው አይናገሩም። የእኔም ሠንጠረዥ ላይ የአሥር ሳምንት ቁጥር በጥቂቱ ማስተካከል ብቻ ነው የሚቀረው። አንድ ውሸት ጽፌ የለም እንዴ? ሁለተኛው ምን ይከብደኛል?

«አይሆንም» አልሁ።

ጮክ ብዬ ነው መሰል ሁሉም ዞር አሉ። ለሽማግሌ እንቢ ያልሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

«እማ ውብዳር፣ እባክዎ ይልቀቁት። እናንተ የተከላችሁ ዕለት እኔ አላየሁም። አይቻለሁ ብዬ ግን ጽፌአለሁ። መቆም ነበረብኝ፤ አፍሬ ሄድሁ። ጥፋቱ ከዚያ ነው የጀመረው። አሁን ደግሞ ይህን ከጨመርሁበት፣ ጄሉን የሚገዛው ገበሬ የእኔን ቁጥር አምኖ ነው ውሃ የሚቀንስ። የእሱ ማሳ ይደርቃል።»

እማ ውብዳር ግንዱን ለቀቁ። አያ አምባው መኮትኮቻቸውን ከመሬት ነቀሉ።

«እውነቷን ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኛ የጎረቤታችንን አሰብን፤ እሷ የማታውቀውን ሰው አሰበች። በቃ። ለሰውየው ያለውን ንገሪው።»

እናቴ ወረቀት እንዳልይዝ ብትነግረኝም ቦርሳዬ ውስጥ ደብተር ነበረኝ። አወጣሁት። «ጣሳው ለያንዳንዳችሁ ስንት ስንት ደረሰ?» ብዬ ጠየቅሁ። የጠየቅሁት ሪፖርቱን በትክክል ለመጻፍ ብቻ ነበር፤ ሌላ ነገር አላሰብሁም።

አምስቱም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ።

«ለውብዳር አምስት፤ የሷ ዳሩ ላይ ነው፣ አፈሩ አሸዋ ይበዛበታል።»

«ለአምባው አራት።»

«ለእኔ አራት» አሉ እማ ታፈሰች፤ «በዛ ብዬ ነበር፣ እንቢ አሉኝ።»

«ከዛፉ ጥላ ሥር ያሉት ሁለቱ፣ ሁለት ሁለት። ፀሐይ አያገኛቸውም ብለን።»

«የቀሩት ስድስቱ ሦስት ሦስት።»

«የእኔን ዝለሉት» አሉ አያ አገኘሁ፣ «በደል ነው የተፈጸመብኝ። ቁፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ኖሮኝ ሄጄ፣ ስመለስ አንድ ጣሳ አስቀርተው ጠበቁኝ። አንድ!»

«በማለዳ ሐኪም የሚያስኬድ ምን ሕመም ነበረህ? ሥራ ሽሽት ነው» አሉ እማ ታፈሰች።

ሁሉን ጻፍሁ። ሁለት ወር ከመንፈቅ አልፎታል፣ ሰዎቹ ግን አንዲት ጣሳ እንኳ አልተምታታችባቸውም። አንዱ ከረጢት ስንት ጣሳ ይወጣው እንደነበርም ያስታውሳሉ፤ ስድስት። ጣሳውን ከዕቃ ማስቀመጫው አምጥተው አሳዩኝ፤ የበቆሎ ጣሳ ነበር። ለመመዘን ተውሼው ሄድሁ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ከስልኬ ሠንጠረዥ ጋር አስተያየሁት። ያኔ ነው ነገሩ የታየኝ። በእኛ መመሪያ መሠረት አንድ መደብ ስድስት ጣሳ ያስፈልገው ነበር። ስድስት ያገኘ አንድም የለም። ሰባተኛው የአያ አገኘሁ ነው፣ ስምንተኛው የእማ ታፈሰች፤ ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ፀሐይ። በአንዱ አንድ ጣሳ፣ በሌላው አራት። በአሥር ሳምንት ውስጥ የእርጥበታቸው ልዩነት መለኪያው ሊሳሳት ከሚችለው አልበለጠም፤ አንድ ጣሳም ይበቃ ነበር ማለት ይሆን? አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ሾፌሩ ካልጠራኝ ያመልጠኝ ነበር።

ረቡዕ ከያቭነ በዚቭ መኪና ሄድን። መንገድ ላይ ልነግረው ወስኜ ነበር። ከተማውን እስክንወጣ ጠበቅሁ፤ ከዚያ እስከ መገንጠያው፤ ከዚያ ገዴራ ገባን። መኪናውን አቁሞ ቀበቶውን ሲፈታ፣ «ከመውረድህ በፊት የምነግርህ አለኝ» አልሁ።

ሁሉንም ነገርሁት። ዕጣውን፣ ጣሳውን፣ «በመመሪያው መሠረት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር። እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሣ ሰማኝ።

«ናዓማ፣» አለ፣ «አሥር ሳምንት።»

«አውቃለሁ።»

«ሲተከል አላየሽም፣ ግን ፈርመሻል።»

«ፈርሜያለሁ።»

«ለምን አሁን ትነግሪኛለሽ? እኔ እኮ አላውቅም ነበር።»

«ስለምታምነኝ» አልሁ። ከመኪናው ወረደ።

አሥራ ሁለቱም ባለቤቶች መጥተው ነበር። አያ አምባው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ዚቭ እጃቸውን ጨበጠ። እሳቸውም አልቀመጥም ብለው ቆመው በአማርኛ ተናገሩ፣ እኔ እንድተረጉም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው በይው። ባርኔጣውም የእኔ፣ ሐሳቡም የእኔ። እሷ ያለችውን ሰምተን ሳለን ነው የተላለፍን። ደግሞ ይህን በይው፤ እንዲሸፈንላት ለምነናት እንቢ ያለች ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በዚህ ዘመን አይገኝም። ከለቀቃት ሞኝ ነው።»

እስከ «ተላለፍን» ድረስ ተረጎምሁና አቆምሁ።

«እሳቸው ብዙ ነው የተናገሩት» አለ ዚቭ።

«ያው… ይህንኑ ነው።»

«ውሸቷን ነው» አሉ አያ አገኘሁ በዕብራይስጥ። ሃያ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ስለሠሩ ቋንቋው ይቀናቸዋል። «ያስቀረችውን እኔ ልንገርህ።» ነገሩት፤ ሞኝ የሚለውንም አልተዉትም። እኔ በዚያን ጊዜ የእማ ታፈሰችን ቃሪያ ስመለከት ነበር።

ዚቭ ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። መለኪያውን ከእኔ ተቀበለና ሰባተኛው መደብ ላይ ተንበረከከ። ለካ። ወደ ስምንተኛው ሄደ፤ ለካ። ተመልሶ ሰባተኛውን በሌላ ቦታ ለካ። ከዚያ አፈሩን በእጁ ቆፍሮ፣ በሥሮቹ መካከል ያሉትን ፍሬዎች አውጥቶ መዳፉ ላይ አያቸው።

«አንድ ጣሳ ስንት ግራም ነው?»

«ሁለት መቶ ገደማ። አምስት ጊዜ መዘንሁት።»

«እኛ ለአንድ መደብ ያልነው አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ነው።»

«አዎ።»

«ይህ ማስረጃ አይደለም።»

«አይደለም» አልሁ። «ያለ ጄል የቆመ መደብ የለንም። አፈሩ ራሱ ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ሁለት መደብ ደግሞ ምንም አያሳይም። ግን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይመስለኛል።»

እማ ውብዳር አንድ ከረጢት ቃሪያ ለቅመው ይዘውለት መጡ። ከአክብሮት ይሁን ከሐሳብ ብዛት፣ አንዱን አንሥቶ ጥሬውን ገመጠው። ፊቱ ቀላ፤ ሳል ያዘው። እማ ታፈሰች ውሃ ይዘው ሮጡ።

«እሱ አምስት ጣሳ የበላው ነው» አሉ አያ አገኘሁ። «ቀለል ያለ ከፈለግህ ከእኔ ውሰድ።»

ሐሙስ ሪፖርቱን ጻፍሁ። የግንቦቱን ዓረፍተ ነገር አልሰረዝሁትም፤ ከሥሩ ከነቀኑ እርማት ጻፍሁበት። ቅጹ ላይ ሙከራ ሲስተጓጎል ምክንያቱን የሚመርጡበት ቦታ አለ፤ ተባይ፣ የአየር ጠባይ፣ የቧንቧ ብልሽት፣ ስርቆት፣ ሌላ። «ሌላ» የሚለውን መረጥሁና ከጎኑ ባለው ጠባብ መስመር፣ «የመደቦቹ ባለቤቶች ጄሉን ለሁሉም አካፈሉት፤ ኃላፊዋ በቦታው አልነበረችም» ብዬ ሞላሁ። ላክሁት። ከዚያ ጠረጴዛዬን ማስተካከል ጀመርሁ፤ ብዙ ዕቃ አልነበረኝም።

እሑድ ዚቭ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ሪፖርቱን አትሞታል፤ ሰባትና ስምንት ቁጥሮች በእስክሪብቶ ተከበዋል።

«የገዴራው ኒሱይ ተዘግቷል» አለ። «ውድቅ ነው፤ አንቺም እንደዚያው ጽፈሻል።»

«ቤሰደር።»

«ቆይ። ከሕንፃው ጀርባ ባለው ግቢ ሰባ የአበባ ማሰሮ እናስቀምጣለን። ሰባት መጠን፣ ከዜሮ እስከ ስድስት ጣሳ በሚሆነው ልክ። ከመስከረም ይጀመራል። መመሪያውን አንቺ ጻፊ። ውልሽ እስከሚቀጥለው በጋ ይራዘማል። ግን አንቺ ሳትቆሚ አንድ ችግኝ አይተከልም። ተግባባን?»

«ተግባባን» አልሁ። ከወንበሩ ተነሥቼ በሩ ጋ ስደርስ ቆምሁ። ዱሮ ቢሆን እወጣ ነበር። «ገዴራም ልቀጥል» አልሁ። «በሚመጣው ግንቦት፣ በእነሱው መደብ። ከአንድ ጣሳ ጀምሮ በተለያየ መጠን። ያለ ጄል የሚቆመውን እዚህ ግቢ ውስጥ እናድርገው፤ ማሰሮዎቹ ባለቤት የላቸውም። እዚያ ግን ያለ ጄል የሚቆም መደብ አይኖርም። ብናደርግም ያካፍሉታል።»

ዚቭ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያላ፣ በይ እንግዲህ» አለ፤ «እሱንም ጻፊው።»

ማታውን ለአያ አምባው ደወልሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ለሁሉም እንደሚደርስ፣ ግን ለአንዱ ብዙ ለአንዱ ትንሽ እንደሚሆን፣ ምክንያቱንም ሳላፍር አስረዳኋቸው።

«አንድ ጣሳ የሚደርሰው ማነው?»

«ዕጣ ነው፣ አያ አምባው።»

«አገኘሁ ይውሰደው፤ ለምዶታል።»

«በዕጣ ነው» አልሁ እንደገና።

ሳቁ። «እሺ፣ በዕጣ። ሰዉን እኔ አነጋግራለሁ። ስንተክል ግን አንች ትኖሪያለሽ?»

«እኖራለሁ። የመጨረሻው ችግኝ አፈር እስኪገባ ከአጠገባችሁ አልሄድም።»

«እንግዲያስ በማለዳ ነይ» አሉኝ። «ፀሐዩ ሳይበረታ።»